ሁለት ብሎኬት የሚያህል ቀዳዳ

ክቡር አዘጋጅ፣

ግንበኛ ነኝ። ካራ አካባቢ ለ22 ዓመት የሚከራዩ ሰርቪስ ቤቶችን ስሠራ ኖሬአለሁ። አብዛኞቹ 3 ሜትር በ3 ሜትር ናቸው፤ አንድ በር፣ አንድ ጠባብ መስኮት። ስንቱን ያለ አየር መተንፈሻ እንደሠራሁ ቆጥሬ አላውቅም። ባለቤቱ «ብርድ ያስገባል፣ ድፈነው» ሲለኝ እደፍን ነበር። ባለፈው ሐምሌ ልጄ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ልትሞትብኝ ነበር።

ክፍሉን ከጓደኛዋ ጋር ነው የተከራየችው። ያን ምሽት መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡም አላባራ ብሎ ነበር። ቡና አፍልተው ሲያበቁ ፍሙን ከነምድጃው በሩ አጠገብ ትተው ተኙ። ጭሱ አልቆ ፍሙ ከቀላ አያሰጋም ብለው ነው፤ እኛም ቤት የምንለው ይህንኑ ነበር። ሌሊት ልጄን ራስ ምታት ቀሰቀሳት። ልትነሣ ስትል ጉልበቷ ከዳት፤ የውሃ ጀሪካኑን ይዛ ወደቀች። ያንን ድምፅ የሰሙ ጎረቤቶች በሩን ገንጥለው ሁለቱንም ጎትተው አወጡ። አንዱ ወተት ይምጣ ይላል፣ ሌላው ሎሚ ይሽተቱ ይላል። አንድ የታክሲ ሾፌር ግን ማንንም ሳይሰማ ጭኖ ሆስፒታል አደረሳቸው፤ እዚያ ኦክስጅን ተሰጣቸው። እግዚአብሔር ይስጠው።

ሐኪሙ እንደነገረኝ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭስ ከሌለው ቀይ ፍምም ይወጣል። ደም ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃል፤ ወተት አያስለቅቀውም።

በማግስቱ ክፍሉን ሄጄ አየሁት። ከበሩ በላይ መተንፈሻ ነበረው፤ በስሚንቶ ተደፍኗል። አከራይዋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሆስፒታል ድረስ መጥተው አልቅሰዋል። አይጥ ሲያስቸግር ነው ያስደፈኑት።

«እናቶቻችን በከሰል አይደል ያሳደጉን?» የሚሉኝ አሉ። ልክ ነው። ያደግንበት የጭቃ ቤት ግን ግድግዳው የተሰነጣጠቀ፣ ከቆርቆሮው ሥር እጅ የሚያሾልክ ክፍተት ያለው ነበር። ዛሬ ብሎኬቱን እንለስነዋለን፣ ኮርኒስ እንመታለን፣ የብረት በር እንገጥማለን፤ ተከራዩ ደግሞ ለብርዱ ከበሩ ሥር ጨርቅ ይወትፋል። አየሩ በየት ይውጣ?

በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል። የልጄን ውል ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ዋጋው አለ፣ ዘመኑ አለ፣ የውሃና የመብራቱ ክፍያም አለ። ክፍሉ መተንፈሻ እንዳለው የሚጠይቅ አንድ መስመር አጣሁ። ያ መስመር እንዲጨመር እለምናለሁ፤ ከመመዝገቡ በፊትም አንድ ሰው ሄዶ ክፍሉን በዓይኑ ይየው። ሁለት ብሎኬት የሚያህል ቀዳዳ ለመክፈት ግማሽ ቀን አይፈጅም። መተንፈሻ አለ ተብሎም ፍም ይዞ መተኛት አይገባም፤ ምድጃው ውጭ ይደር።

እኔ እሑድ እሑድ መሮና መዶሻዬን ይዤ በሰፈራችን እየዞርኩ የደፈንኩትን ያለ ክፍያ እከፍታለሁ። እስካሁን ስድስት ክፍል ከፍቻለሁ። የሰባተኛው ባለቤት ዝናብ ያስገባብኛል ብለው ከልክለውኛል፤ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሕፃናት አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ለቀዳዳው ክዳን የሚሆን ቆርቆሮ ቆርጬ እንደገና እሄዳለሁ።

ግንበኛው፣ ከካራ