የቆየው ታፔላ ከመውረዱ በፊት

ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፣

ፒያሳና አካባቢው ሱቅ ሲታደስ ወይም ሲፈርስ መጀመሪያ የሚጣለው ታፔላው ነው። በላሜራ ላይ በብሩሽ የተጻፈው ለቆራሌው ይሸጣል፤ በቦታው ባነር ይወጠራል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የአገራችን የግራፊክስ ጥበብ ታሪክ በብዛት ያለው እንዲህ ባሉ ዕቃዎች ላይ ነውና፤ በታፔላ፣ በክብሪት ቀፎ፣ በሻይ ቅጠል ማሸጊያ፣ በቢራ ጠርሙስ ወረቀትና በደረሰኝ።

ቴምብር ዕድለኛ ነው። ቸርችል ጎዳና ያለው ፖስታ ቤት ሙዚየም አለው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮቻችን እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ ሲታተሙ የቀረጻቸው ፈረንሳዊው ዩጂን ሙሾን እንደነበረ፣ በአነስተኛ ዋጋዎቹ አራት ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ምስል፣ በሦስቱ ትልልቆች ላይ ደግሞ አንበሳው እንደነበረ እናውቃለን። የክብሪት ቀፎ ግን የተሠራበት ዓመት አይጻፍበትም። ስለዚህ ዘመኑን ከጽሑፉ ላይ መልቀም ያስፈልጋል፤ ይህን ማንም ባለሱቅ ሊያደርገው ይችላል።

በመጀመሪያ አድራሻውን ያንብቡ። «ጠቅላይ ግዛት» የሚል ከሆነ የንጉሡ ዘመን ነው፤ «ክፍለ ሀገር» የሚል የደርግ፤ «ክልል» የሚል ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። አዲስ አበባን በተመለከተ «ከፍተኛ» የደርግ ዘመን አጠራር ሲሆን «ክፍለ ከተማ» የመጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ ስልኩን ይቁጠሩ። የከተማው ቁጥር ባለ ስድስት አሃዝ ከሆነ ታፔላው የተጻፈው በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ቁጥሮች ከመለወጣቸው በፊት ነው። ዋጋ ካለበትም ልብ ይበሉ፤ በንጉሡ ዘመን ገንዘባችን በእንግሊዝኛ «ዶላር» ሲባል በአማርኛ «ብር» ነበር። በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ መኖሩም የጥንትነት ፍንጭ ነው። በታፔላ ወይም በማሸጊያ ላይ የተሣለ አንበሳ ግን ያሳስታል፤ ከአብዮቱ በኋላ በሰንደቅ ዓላማው ላይ የነበረው አንበሳ ዘውዱን ቢያጣም፣ የያዘው መስቀልም በጦር ጫፍ ቢተካም፣ የነጋዴው አንበሳ ከመንግሥቱ ጋር አብሮ ተለወጠ ማለት አይደለም። በአንበሳው ብቻ ዘመን አይቁረጡ።

ፊደሉን ደግሞ በቅርብ ይመልከቱት። በእጅ የተጻፈ ከሆነ በአንድ ታፔላ ላይ ያሉ ሁለት «ለ»ዎች ፈጽሞ አንድ አይሆኑም፤ የብሩሹ መነሻ ይወፍራል፣ መጨረሻው ይሳሳል፣ ከፊደሉ በታች በሌላ ቀለም ጥላ ይሰጠዋል። በታይፕራይተር የተመታ ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። ቁልፎቹ ከሁለት መቶ በላይ ለሆነው ፊደላችን ስለማይበቁ የግዕዙ (እንደ «ለ» ያለው የመጀመሪያው) ቅርጽና ቅጥያው ተለያይተው ይመታሉ፤ ስለዚህ እግሩ ወይም ቀለበቱ ከፊደሉ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ይታያል። ይህን ስህተት ነው ብሎ ማረም አይገባም፤ የመሣሪያው አሻራ ነው።

ታፔላው ከመውረዱ በፊት እዚያው ግድግዳው ላይ እንዳለ ፎቶ ይነሣ። ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት የዘይት ቀለም ያንጸባርቃል፤ ደመናማ ሰዓት ወይም ጥላ ይሻላል። ፊት ለፊት ቆሞ፣ ሜትር አጠገቡ አስደግፎ፣ አንድ ጊዜ ከነሱቁ፣ አንድ ጊዜ ፊደሉን ብቻ። ሲነቀል ምስማሩ ይውጣ እንጂ ላሜራው አይታጠፍ፤ በታጠፈበት ቀለሙ ይሰነጠቅና ይረግፋል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ማንሣት ይበቃል። በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) መወልወል ቀለሙን ራሱን ያነሣዋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ «ማደስ» ደግሞ ጨርሶ ማጥፋት ነው።

ወረቀት ከዚህ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከጠርሙስ ላይ ለማንሣት መጀመሪያ ጠርዙን በእርጥብ ጥጥ ነካ አድርጎ ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን ማየት ነው። ካልለቀቀ ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዘፍ፤ ከለቀቀ ከነጠርሙሱ ይቀመጥ። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ ክፉ ልማድ ነው፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ላሚኔሽንም እንዲሁ፤ በሙቀት የተጣበቀው ላስቲክ ወረቀቱን ሳይጎዳ አይላቀቅም። አግራፍ ይዝጋል። ፌስታል እርጥበት አፍኖ ይይዝና በክረምት ያሻግታል። በጋዜጣ መጠቅለልም አይበጅም፤ የጋዜጣ ወረቀት አሲድ አለው፣ ሲያረጅ የነካውን ያጠይማል። ንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከሉ አድርጎ በካርቶን፣ ከወለል ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ከየት እንደተገኘ በጀርባው በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊቱ ያልፋል።

ከጋዜጣችሁ አንድ ነገር እለምናለሁ። በየሳምንቱ የአንድ ታፔላ ወይም የአንድ ማሸጊያ ፎቶ ከነልኩና ከተገኘበት ሰፈር ጋር አትሙ። የጻፈውን ሰው እጅ የሚያውቅ አንባቢ አይጠፋም፤ ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ስማቸውን በታፔላው ጥግ በትንሹ ያኖሩ ነበርና፣ ፎቶው ያ ጥግ ሳይቆረጥ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአራዳ