ትርሲትዬ፣ የክርስትና ልጅሽ እንቅልፍ አጥታለች

ትርሲትዬ፣ እንዴት ባጀሽ? ይህን ሁሉ ጊዜ ጠፍቼ ዛሬ ሲጨንቀኝ ብቅ ማለቴ ያሳፍራል። ይቅር በይኝ። አንቺም ብትሆኚ አልደወልሽም፤ የሐዋሳ ዓሣ ጎንደርን አስረስቶሻል መሰለኝ!

ነገሩ የማክዳ ነው። ማታ ማታ አትተኛም። መብራት ከጠፋማ አለቀልን፤ እኔ ካልተከተልኳት ደጅ አትወጣም። ምን እንደሆነች ጠይቄ ጠይቄ በመጨረሻ ስልኩን አሳየችኝ። ዩቲዩብ ላይ አስፈሪ ሚስጥር የሚተርኩ ቪዲዮዎች ናቸው። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይከተላል።

አንዱን አብሬያት አየሁ፤ የሚተርከው ስለ አንድ አጭር ቪዲዮ ነው። ጥቁር የለበሰ፣ የወፍ ምንቃር ያለው ጭምብል ያጠለቀ ሰው ፍርስራሽ ቤት ውስጥ ቆሟል። ቃል አይተነፍስም። ጓንት ባጠለቀ እጁ ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ድምፁ ጆሮ ይበሳል። ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው፣ እኔን ግን አላልቅ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታወቅ ሰዎች ድምፁን በኮምፒውተር ወደ ምስል ለውጠው ውስጡ የተሠቃዩ ሰዎች ሥዕል አገኙ። ማክዳ ምን አለችኝ መሰለሽ? «እማዬ፣ በግንቡ በኩል ሲመሽ ሳልፍ በመስኮቱ ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኛል።» እኔና አንቺ እዚያ ግንብ ሥር ስንሮጥ ያደግን!

ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ማጣራት ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀላሉን፣ ስለ ሌላ የዩቲዩብ ሚስጥር ነገርኳት። ቀይና ሰማያዊ አራት ማዕዘን ብቻ የሚያሳዩ፣ 11 ሰከንድ የሚረዝሙ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች ነበሩ። የሰላዮች መልእክት ነው፣ የሌላ ዓለም ፍጡር ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጉግል የቪዲዮ ጥራት መፈተሻዬ ነው አለና ቁርጡ ታወቀ። ሳቀች። ባለጭምብሉንም እኔ ነኝ የሠራሁት የሚል ሰው እንደወጣ ነገርኳት። እሱም ትንሽ ቀለላት።

እኔ ግን እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። ቤቱ የት እንደሆነ ፈለግኩ። ፖላንድ ውስጥ፣ ዋርሶ አጠገብ ኦትቮትስክ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ዞፊዩቭካ የሚባል የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር፣ ለአይሁድ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተ። ናዚዎች ሲመጡ ብዙዎቹን ረሃብ ጨረሳቸው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1942 ደግሞ ከቀሩት ከፊሎቹን እዚያው ረሸኗቸው፣ ሌሎቹን ወደ ትሬብሊንካ፣ ወደ ናዚዎች የመጨፍጨፊያ ካምፕ ጫኗቸው። ያ ሰውዬ የቆመው እዚያ ግድግዳ ፊት ነው። ተራኪው በዚያ ወፍራም ድምፁ ስለ ምንቃሩ ሲያወራ ስለነሱ አንዲት ቃል አላለም። ትርሲት፣ አናደደኝ። የሰው ሞት ማስፈራሪያ ጌጥ ሲሆን! የቤተ እስራኤሎች፣ የኛው አይሁዶች መንደር የነበረችው ወለቃ ትዝ አለችኝ፤ የሸክላ ሥራ እንገዛቸው የነበሩ ጎረቤቶቻችን ፊት ሁሉ መጣብኝ።

አሁን እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ልንገራት ወይስ ልተወው? ገና የ12 ዓመት ልጅ ናት። ጭምብሉ ውሸት ነው ብዬ አረጋግቻት ስታበቃ፣ ግድግዳው ግን እውነት ነው እንዴት ልበላት? ዝም ማለቱ ደግሞ... እንጃ፣ እነዚያን ሰዎች ድጋሚ መቅበር ይመስለኛል። ባለቤቴ «ስልኩን ቀሚያትና ይለቅልሽ» ይላል። ስልኩን ብቀማት ያየችውን ከጭንቅላቷ አላወጣላትም።

አንቺ ታሪክ አስተማሪ ነሽ፣ ስንቱን ልጅ ስለ ጦርነት ስታስተምሪ ኖረሻል። ከየት እንደሚጀመር ታውቂያለሽ። እሷም የክርስትና እናቷን ቃል ከኔ በላይ ነው የምትሰማው፤ ይህን ስጽፍ ትንሽ ቅናት ቢጤም ይዞኛል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤት ነን። ደውይላት። መጀመሪያ ግን ለኔ ደውይልኝ፣ ምን እንደምትያት እንመካከር። ኔትወርኩ ካስቸገረሽ ወደ ማታ ሞክሪ። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።

ያንቺው አልማዝ