አባባ፣ ኤሲው ከመገዛቱ በፊት ክፍሎቹ ይለኩ

ይድረስ ለምወድዎ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው የነገሩኝ የኤሲ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። «ትልቁን፣ ባለ 24,000 ቢቲዩውን ገዝቼ ሳሎን እሰቅለዋለሁ። የመኝታ ቤቱን በር ከከፈትኩት ለሁለቱም ይበቃል። ከሚያንስ ይትረፍ» አሉኝ። ስልክ ላይ ከእርስዎ ጋር ተከራክሮ ማሸነፍ ስለማይቻል በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። መነጽርዎን አድርገው ረጋ ብለው ያንብቡልኝ።

መጀመሪያ የበሩን ነገር ላንሳ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስፕሊት ኤሲ፣ ማለትም አንዱ ማሽን ውስጥ ሌላው ውጭ የሚሆነው፣ አየር ወደ ሌላ ክፍል የሚወስድ ቱቦ የለውም። የሚያቀዘቅዘው የተሰቀለበትን ክፍል ነው። ሙቀቱን የሚለካውም እዚያው፣ ራሱ በሚስበው አየር ነው። ሳሎኑ ከቀዘቀዘለት ሥራው አለቀ፤ ያርፋል። እርስዎ መኝታ ቤት በላብ ሲጠመቁ በምን ያውቃል? በር ሲከፈት ትንሽ ቅዝቃዜ ይሾልክ ይሆናል እንጂ ኮሪደሩን ታጥፎ አልጋዎ ድረስ አይመጣም። ትልቁ ቢሆን ደግሞ ሳሎኑን ቶሎ አቀዝቅዞ ቶሎ ያርፋል፤ መኝታ ቤቱ እንደሞቀ ይቀራል።

«ይትረፍ» ያሉትም እዚህ ላይ አይሠራም። ኤሲ ሙቀትን ብቻ ሳይሆን እርጥበትንም ያወጣል፤ በቀጭኑ ቱቦ ወደ ውጭ የሚንጠባጠበው ውሃ እሱ ነው። ለዚህ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከክፍሉ በላይ የሆነ ኤሲ ጥቂት ሠርቶ ይቆማል፣ ደግሞ ይነሳል፣ ደግሞ ይቆማል። እርጥበቱ ሳይወጣ ይቀርና ክፍሉ ቀዝቃዛ ግን የሚያጣብቅ ይሆናል። ይህ መነሳትና መውደቅ ኮምፕረሰሩን፣ ጋዙን የሚጨምቀውን ሞተር፣ ያደክመዋል። ሻጩ «ኢንቨርተር ስለሆነ ችግር የለውም» ሊልዎ ይችላል። ኢንቨርተር የሚባለው ኤሲ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ የኮምፕረሰሩን ፍጥነት መቀነሱ እውነት ነው፣ ግን ከተወሰነ መጠን በታች አይወርድም። ስለዚህ የማቀዝቀዝ አቅሙ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ይጠይቁና ታችኛውን ቁጥር ይዩ። እኔ ብሆን ከላይኛው ይልቅ እሱን ነው የማየው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው፤ ኤሲ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በሰዓት ከክፍሉ የሚያወጣውን ሙቀት ይነግራል። ባለ 12,000ው ቴክኒሻኖች «አንድ ቶን» የሚሉት ነው፤ 3.5 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። አይደንግጡ፣ ቆጣሪው ላይ የሚቆጠረው ይህ አይደለም። ኤሲ ሙቀት ከቦታ ቦታ ያዛውራል እንጂ አይፈጥርም፤ የሚወስደው ኤሌክትሪክ 1 ኪሎዋት ገደማ ነው።

ለግምት ያህል ለአንድ ካሬ ሜትር ከ400 እስከ 600 ቢቲዩ ይያዛል፤ አየሩ ለዘብ ካለ ታችኛው፣ በጣም ከሞቀ ላይኛው። መኝታ ቤትዎ 4 በ4 ከሆነ 16 ካሬ ነው። ከ6,400 እስከ 9,600 ይመጣል ማለት ነው። ገበያ ላይ ካሉት ባለ 9,000ው ልኩ ነው። ሳሎኑ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የከሰዓት ፀሐይ በትልቅ መስኮት የሚገባበት ክፍል 10 በመቶ ይጨመርለታል። ከሁለት ሰው በላይ ሲሆን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 600 ቢቲዩ ይታከላል። ወጥ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር አንድ ከሆነ ደግሞ 4,000 ያህል ይጨመራል፤ ምድጃ ቀላል ነገር አይደለም። ጣሪያው ከፍ ካለም ብዙ አየር አለና ይጨምራል። ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ፣ ቤቱንም ሳያይ «24,000 ይውሰዱ» የሚል ሰው ዕቃውን መሸጥ ነው የፈለገው።

ስለዚህ አንድ ትልቅ ከሚገዙ ለየክፍሉ ልኩን ይግዙ። ውጭ ለሁለት ማሽን ቦታ ከሌለ፣ በአንድ የውጭ ማሽን ሁለት የውስጥ የሚያሠራም አለ። ብቻ የውጩ የተዘጋ በረንዳ ውስጥ እንዳይገባ፤ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። የመኝታ ቤቱ ደግሞ ፊቱን ወደ አልጋዎ አያዙርብዎ።

ከመክፈልዎ በፊት የሁለቱን ክፍሎች ርዝመት፣ ስፋትና የጣሪያ ቁመት፣ መስኮቶቹም በየት በኩል እንደሆኑ ጽፈው ይላኩልኝ። ሜትሩን ሌላ ሰው ይያዝልዎ፣ ወንበር ላይ እንዳይወጡ አደራ።

አክባሪ ልጅዎ