መስኮቱን አትዝጊው

የኔ ልጅ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ትናንት ሌሊት በቴሌግራም የላክሽልኝን ድምፅ አምስቴ ሰማሁት። «እማዬ፣ ይሄ ወፍ እንቅልፍ ነሳኝ» ብለሻል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ በርሊን መሃል፣ መኪናው ሽው እያለ ያልፋል፤ እሱ ግን ያፏጫል፣ ይንቆረቆራል፣ ድንገት ዝም ይልና ደግሞ በሌላ ዜማ ይጀምራል። ናይቲንጌል ነው። የሌሊት ወፍ ብዬ እንዳልጠራው፣ በእኛ አገር ያ ስም የሌላ ነው፤ ልጅ ሆነሽ ከጣሪያው ሥር ውልብ ስትል የምትፈሪያት የእሷ።

በሌሊት የሚዘፍነው ሚስት ያላገኘው ወንዱ ነው። ሴቶቹ ከሩቅ አገር ሲመለሱ የሚበሩት በሌሊት ስለሆነ ከታች ሆኖ ይጣራል። ካገኘ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊቱን ይተወዋል። መልኩ ዓይን አይሞላም፣ ቡናማ ነው፣ ጅራቱ ብቻ ቀላ ይላል። ግን አንዱ ወፍ ብቻውን ወደ 180 የሚሆን የተለያየ ዜማ ያውቃል! እዚያው በርሊን ተመራማሪዎች ሲለኩ፣ ጫጫታ በሚበዛበት ቦታ ያሉት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንደሚዘፍኑ አገኙ። መኪናው እንዳይውጠው እየታገለ ነው ማለት ነው ከመስኮትሽ ሥር። የብርዱን ወራት ደግሞ ከሰሐራ በታች ነው የሚያሳልፉት፤ በእኛ አገር በኩል የሚያልፉም አሉ።

እዚህ ዛሬ ግንቦት ልደታ ነው። ከቅድስት ማርያም ማህሌቱ ሲሰማ አደረ። አያትሽ ስለ ቅዱስ ያሬድ ትነግርሽ የነበረው ትዝ ይልሻል? ሦስት ወፎች ከገነት መጥተው ዜማ እንዳሰሙት፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ከዚያ እንደተገኙ። ያንቺን ወፍና ጸናጽሉን ባንድ ሌሊት ስሰማ እንባዬ መጣ።

ጎህ ሲቀድ ስልኩን መስኮቱ ላይ አድርጌ ከፈትኩት። ያ ጎረቤት ጽድ ላይ የሚያመሸው ወፍ አለ አይደል፣ ቅንድቡ ነጭ፣ ሆዱ ብርቱካናማ? ፈረንጆቹ በ1830ዎቹ አገራችን መጥቶ በነበረው በጀርመናዊው በሩፔል ስም ይጠሩታል። ከናይቲንጌል ጋር ዘመዳሞች ናቸው። እሱም ማታና ንጋት ላይ ይዘፍናል፣ የሌሎችን ወፎች ድምፅም ይቀዳል። የስልኩን ሲሰማ ጸጥ አለ። ጅራቱን ከፍ ዝቅ አደረገ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ የራሱን ጀመረ። ጀበናው እስኪገነፍል ድረስ ቆሜ ቀረሁ።

ጆሮዬን የምደፍንበት ልግዛ ያልሽውን ተይው። የጥቂት ሳምንት ነገር ነው፣ ሰኔ ሲጋመስ እሱ ራሱ ዝም ይላል። ዛሬ ማታ የእኛውን ቀርጬ እልክልሻለሁ። አንቺም ረዘም አድርገሽ ቅጂልኝ፣ መኪናው ቢገባበትም ግድ የለም። ከበረደሽ ጋቢውን ደርቢ እንጂ መስኮቱን አትዝጊው።

እናትሽ
አራት ኪሎ፣ ግንቦት 1