ፍሬኑ ሳይስተካከል ከጅሬን እንዳትወርዱ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ካናዳ ብርዱ ገና አልለቀቀንም።

ባለፈው እማዬ በስልክ "ትራክተሩ ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ይጎትታል፤ አባባ ግን ለምደውታል" አለችኝ። ያን ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያስፈራኝ "ለምደውታል" የሚለው ነው። ከጅሬን ወደ ጅማ የሚወርደው ቁልቁለት ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን አንተም ታውቃለህ። ተሳቢው የራሱ ፍሬን የለውም። በቆሎ ከተጫነበት ትራክተሩን ከኋላ ይገፋዋል። በዚያ ላይ አንዱ ጎማ ብቻ ከያዘ ትራክተሩ ይዞራል፤ አለዚያም ይገለበጣል።

እኔ የምሠራበት ጋራዥ እንደኛው ያለ ማሴ ፈርጉሰን 135 ይመጣል። እንግሊዝ አገር በፈረንጆቹ ከ1964 እስከ 1975 የተሠራ ነው። ስለዚህ የምነግርህ በእጄ ነክቼ የማውቀውን ነው።

መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ያለ ተሳቢ፣ ቀስ ብለህ እየነዳህ የግራና የቀኝ የኋላ ጎማን ለየብቻ የሚይዙትን ሁለቱን የፍሬን ፔዳሎች በየተራ ሞክራቸው። ወደ ግራ የሚጎትተው ወይ የቀኙ ስለደከመ ነው፣ ወይ የግራው ከመጠን በላይ ስለሚይዝ። የቀኙ ፔዳል እስከ ታች ከወረደ ሸራው፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ከበሮ (ታምቡሩን) ከውስጥ ተጭኖ የሚይዘው፣ አልቋል ወይም ከታምቡሩ ርቋል፤ ማስተካከል ይበቃው ይሆናል። ፔዳሉ ከላይ ጠንክሮ ጎማው ካልያዘ ግን ዘይት ጠርጥር። አክሱሉ ላይ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ታምቡሩ ይገባና ሸራውን ያርሰዋል። ከጎማው ውስጠኛ በኩል የሚወርድ እርጥበት ካየህ ማስተካከል ዋጋ የለውም። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም። ቀለበቱ ይቀየር፤ ሸራውም በሁለቱም ጎማ ይቀየር፤ አንዱን ብቻ ከቀየርክ መጎተቱ ይቀጥላል።

ዘይት ከሌለ ማስተካከሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሞተሩን አጥፋ፤ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፍ፤ ማርሹን ነጻ አድርግ፤ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። የኋላውን ጎማ በክሪክ አንሳ፤ ግን በክሪኩ ብቻ አትመን፤ ከአክሱሉ ሥር ጠንካራ ግንድ ይግባ። በትንሿ ቀዳዳ በኩል ጥርሳማዋን ማስተካከያ በካቻቢቴ አዙራት። ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል አጥብቃት፤ ከዚያ ጎማው ያለ ችግር እስኪዞር ጥርስ በጥርስ መልሳት። ሸራው በጣም በቀስታ ሲነካ ከሰማህ ይበቃል። በሌላው ጎማም እንዲሁ። በመጨረሻ ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ መሆናቸውን እይ። እኩል ካልሆኑ ፔዳሉን ከፍሬኑ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ አስተካክል።

ታምቡሩን የምትከፍተው ከሆነ ጎማው ከባድ ነውና ብቻህን አትሞክረው። አቧራውን በአፍህ እፍ አትበል፤ በአየርም አታስነፋው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። በውኃ አርጥበህ ጥረገው።

መንገድ ላይ ስትወጡ ሁለቱን ፔዳሎች የሚያያይዘው መቀርቀሪያ ይግባ። እርሻ ላይ ለመዞር ብቻ ይለያዩ። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ዝቅ ያለ ማርሽ አስገቡ፤ ፍሪሲዮን አትርገጡ።

አባባን እኔ ተማፅኛለሁ በላቸው። ፍሬኑ እስኪስተካከል ተሳቢው ቤት ይዋል። እህሉን ለገበያ ለማውረድ የጭነት መኪና ተከራዩ፤ የኪራዩን እኔ እልካለሁ። ሸራውን አውጥተህ ሁለቱንም ፎቶ አንሳልኝ፤ ታምቡሩንም ከውስጥ አሳየኝ። መጠኑንም ለክተህ ላክልኝ፤ ዕቃው እዚያ ካልተገኘ ገዝቼ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ።

እማዬን ሳምልኝ። ትንሿን እህታችንን ከኋላ ጎማው መሸፈኛ (ከመድጋርዱ) ላይ አታስቀምጧት።

ወንድምህ