ከመቅኒ ንቅለ ተከላ በኋላ ያለው ተስፋ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ከመቅኒ ንቅለ ተከላ በኋላ የለጋሹ ሕዋሳት የተቀባዩን ቆዳ፣ ጉበትና አንጀት ሲያጠቁ ስለሚከሰተው አጣዳፊ ሕመም ያወጣችሁት ጽሑፍ የሕክምናውን ተስፋ ከሚገባው በላይ አሳንሶታል። በመጀመሪያ የሚሰጠው፣ የሰውነትን የመከላከያ ሕዋሳት ጥቃት የሚያበርደው መድኃኒት ስቴሮይድ ለብዙዎች እንደማይበቃ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስቴሮይድ ላልሠራላቸው ሩክሶሊቲኒብ የተባለው እንክብል በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ በ2020 በታተመ ጥናትም በ28ኛው ቀን ለመድኃኒቱ ምላሽ የሰጡት 62 በመቶ ሲሆኑ፣ በሌሎች ሕክምናዎች 39 በመቶ ነበሩ። ምላሽ መስጠት መዳን አይደለም፤ ቢሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መዘግየቱ ነው፤ ውጭ አገር ታክሞ የተመለሰ ሰው ሽፍታና ተቅማጥ ሲይዘው በቀላሉ እንደ አለርጂ ወይም እንደ ምግብ መመረዝ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ጤና ሚኒስቴር በሰበታ፣ በቡራዩና በለገጣፎ ላሉ ጤና ተቋማት ምልክቶቹንና በዕለቱ ወደ ደም ሐኪም የመላኪያውን መንገድ የያዘ የአንድ ገጽ መመሪያ ያሰራጭ።

አንባቢያችሁ፣ ከሰበታ