ለተቀባይ የተተወ ቦታ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ ሻይ፣ ሌላ የለም። ጋዜጣችሁን የማነበው ከደንበኞቼ ተርፎ ነው። አንዱ ገዝቶ ይመጣል፣ አምስቱ ያነቡታል፣ ማታ ላይ ዘይት ጠብ ያለበትን እኔ አገኘዋለሁ። ስለ ዘፈን ግጥሞቻችን የወጣውን ጽሑፍም ያነበብኩት እንዲሁ ነው።

ጸሐፊው ወጣት ይመስለኛል። ዘፈኖቻችን ሁሉ ካላንቺ አልኖርም፣ ልሙትልሽ፣ ቀድሜሽ ልውደቅ ናቸው፤ ማንም ለማንም አይሞትም፤ ስለዚህ ግጥሙ ውሸት ነው ይላል። በግማሹ እስማማለሁ። «ዓይኔ»ን ከ«ቀኔ» ጋር አጋብቶ ገጣሚ ነኝ የሚል ሞልቷል። ግማሹ ላይ ግን አንድ ነገር ቀርቶበታል። ግጥሙ ሁሉ ለፍቅረኛ የተዘፈነ መስሎታል።

እኔ ቤይሩት የሄድኩት በ1988 ዓ.ም. ነው። 20 ዓመቴ ነበር። እናቴ የምትኖረው ውጫሌ አቅራቢያ ገጠር ውስጥ ነው፣ አምባሰል። ስልክ ለማናገር ከተማ መውጣት አለባት፣ እኔም ማዳም፣ የምሠራላት የቤቱ እመቤት፣ ፈቅዳ መስመሩን መስጠት አለባት። ሁለቱ በአንድ ቀን አይገጥሙም። ደብዳቤ እንዳልጽፍ እናቴ አታነብም። ሌላ ሰው ያነብላታል። ሌላ ሰው ፊት ለሚነበብ ደብዳቤ ደግሞ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ምን ይጻፋል?

ስለዚህ ካሴት ሆነ። የዚያን ጊዜ ዐረብ አገር የነበረ ሰው ያውቀዋል። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት፣ በመንገደኛ እጅ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ታናሽ ወንድሜ ከአስተማሪው ቴፕ ይዋሳል። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ከዚያ እናቴን መደብ ላይ ያስቀምጥና ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫናል።

የመጀመሪያው ካሴት ላይ እናቴ መናገር አልቻለችም። «ሃሎ» አለች ሦስት ጊዜ። «ትበያለሽ ወይ?» አለች። ከዚያ ጸጥ። ወንድሜ «እማ፣ እየሄደ ነው፣ ተናገሪ» ይላል። «ማንን ልናገር? ሰው የለበት» ትላለች። ትንሽ ተጨቃጨቁ። ጭቅጭቁም ተቀድቷል። በመጨረሻ ወንድሜ ሰልችቶት «በቃ እንደ ጅጌው አድርጊው» አላት።

እዚህ ላይ ላላወቀ ላስረዳ። ጅጌ ሌላው አገር ደቦ የሚለው ነው። ባለ እርሻው ምግብና ጠላ ያዘጋጃል፣ አገሩ ወጥቶ ያርምለታል ወይም ያጭድለታል። ወንፈል ደግሞ ሌላ ነው። በወንፈል ዛሬ ለኔ አንድ ቀን ከሠራህ ነገ ላንተ አንድ ቀን እሠራለሁ፤ ብድር ነው፣ ይቆጠራል። በሁለቱም ግን ያለ ዘፈን ሥራ የለም። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። እናቴ አውራጅ ነበረች። አረም ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ቅሬያችን ለቅሶ ሲቀመጥም እሷው ናት የምትጠራው። ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ስንኝ ብቻዋን ጨርሳ አታውቅም። ሁልጊዜ የሚቀበላት ነበረ።

እናም አወረደች። ዜማው አምባሰል ነው። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የተጠራው በእኛው አገር ስም መሆኑን ቤይሩት ላሉ የጎጃም ልጆች በኩራት እነግራቸው ነበር። ባቲም የሰኞ ገበያዋ የታወቀው የባቲ ስም መሆኑን ስጨምርበት እነሱም የራሳቸውን ያነሳሉ፤ ክርክሩ አያልቅም። ወደ ነገሬ ልመለስ። እናቴ እንዲህ አለች፦

ባሕሩን ተሻግረሽ ከሰው ቤት የዋልሽው፣
ጭሱ ይታየኛል ማታ ያነደድሽው።

ከዚያ ዝም አለች። ካሴቱ ይሽከረከራል። ከሩቅ ዶሮ ይሰማል። ወንድሜ በሹክሹክታ «እማ፣ ቀጥዪ እንጂ፣ ባዶ እየተቀዳ ነው» አላት። እሷ ምን አለች መሰላችሁ? «እሷ ትቀበል እንጂ!»

ይህንን ስሰማ ሌሊት ነው፣ ሰዎቹ ተኝተዋል። እኔ ወጥ ቤቱ ጎን ያለችው ክፍሌ ውስጥ ዎክማን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ምድጃው የጋዝ ነው፣ ምን ጭስ አለው! ከዚያ ካሴቱን ወደ ኋላ መለስኩት። ዝምታው ሲደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አብሽሪ እማ» አልኳት። በእኛ አገር አዝኖ፣ ደክሞ፣ ታሞ ላየነው ሰው የምንለው እሱን ነው። አብሽሪ። አብሽር። አይዞሽም አለበት፣ አለሁልሽም አለበት። እናቴ ልክ የሰማችኝ ይመስል ሁለተኛውን አወረደች፦

አንቺ እዚያ ስትደክሚ እኔ እዚህ መች ተኛሁ፣
ወገቤን ታጥቄ ካንቺ ጋር አነጋሁ።

እንግዲህ ያ ወጣት ጸሐፊ ይህንንም ውሸት ሊለው ይችላል። በርግጥ ተኝታለች፣ ሰው ነች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሌሊት ልብስ ስተኩስ ብቻዬን ተኩሼ አላውቅም።

የእኔ ተራ ሲደርስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እንደ እሷ ስንኝ አይመጣልኝም። ደግሞም ጮክ ብዬ መቅዳት አልችልም፤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ነው የምቀዳው። በዓመቱ ለቤቷ ክዳን የሚሆን ብር አጠራቅሜ በላክሁላት ጊዜ እንዲህ ብዬ ገጠምኩላት፦

ጣራሽ እንዳያፈስ ቆርቆሮ ልኬያለሁ፣
አንቺ እዚያ ስትሞቂ እኔ እዚህ እሞቃለሁ።

መልሷ በሚቀጥለው ካሴት መጣ። «ቆርቆሮ ደግሞ በግጥም ይገባል?» ብላ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትስቅ ይሰማል። ግን ስንኟን ይዛታለች። ዝናብ በመጣ ቁጥር እሷኑ እያዜመች ጣራውን እንደምታዳምጥ ወንድሜ ነገረኝ። እኔም ካሴት ሲደርሰኝ ካሴት እመልሳለሁ፤ ሳልመልስ ከቆየሁ እንደ ዕዳ ይከብደኛል። ወንፈል ነበር ማለት ነው።

እሁድ ዕረፍት ያለን ዶራ እንገናኛለን። ዶራ ቤይሩትን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቃት የስደተኛ ሠራተኛ ሰፈር ናት። አምስት ልጆች ሆነው በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ቡና ይፈላል፣ ከአገር የመጣ የዘፈን ካሴት ይከፈታል። ወንድ ለሴት የዘፈነው፣ ሴት ለወንድ የዘፈነችው። አንዷ አርሲ ያስቀመጠችውን ልጇን እያሰበች ትሰማዋለች። አንዷ አባቷን። አንዷ ደግሞ ማዳሟ ደብድባት የመጣችውን ጓደኛዋን አቅፋ «አንተ» የሚለውን «አንቺ» እያለች ታዜምላታለች። ግጥሙን የጻፈው ሰው ያንን አላሰበም ይሆናል። እኛ ግን ካላንቺ አልኖርም ስንባባል የምር ነበር። አንዷ ስትታመም የሐኪም የሚከፈለው ከሌሎቻችን ደመወዝ ነው። የወር ደመወዛችን 100 ዶላር ነበር፣ ያውም ሲከፈል።

በ1997 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ካሴት መጣ። እንደ ልማዱ ሌሊት ከፈትኩት። የምታወርደው እናቴ አይደለችም። ጎረቤታችን ናት። ደህና ድምፅ አላት፣ ግጥሙም የእናቴ ነው፣ አውቀዋለሁ። እናቴስ? ከኋላ፣ ከቴፑ ራቅ ብላ፣ ትቀበላለች። ቀጭን ድምፅ፣ ትንፋሽ የሚያጥራት። እናቴ በሕይወቷ ተቀብላ አታውቅም። ማንም ታማለች ብሎ አልነገረኝም፣ ካሴቱም ላይ «ሁላችንም ደህና ነን» ይላል። እኔ ግን ያን ሌሊት ገባኝ።

መርዶውን የነገሩኝ ጥር ላይ ነው፣ እሁድ፣ ዶራ። እንደ አገራችን ልማድ ሌሊት መጥተው አይቀሰቅሱኝ ነገር የሰው ቤት ነው። ቡና ሳይፈላ ሲቀር፣ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ሳይ ቁጭ አልኩ። ጮኸን ማልቀስ አንችልም ነበር። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ፖሊስ ይጠሩብናል። ሙሾ በሹክሹክታ ሲወርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። አንዲት የጎጃም ልጅ፣ ያቺ ስለ ቅኝት የምትከራከረኝ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና እንዲህ አለችልኝ፦

እናትሽ ብትሄድም አልቀረሽም ባዶ፣
እኛ እንቀበላለን ከባሕሩ ማዶ።

አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። ተቀበሏት። የመጡበት አገር ሌላ ሌላ ነው፣ አንዳንዷ አማርኛውንም በደንብ አትችለውም። ዜማው ግን አልጠፋቸውም። ብር አዋጥተው ለተዝካሯ ላኩ። ቤይሩት ላይ ቅሬ ነበረኝ እላለሁ፣ ሰው ሲስቅብኝም አላፍርም።

ሐምሌ 1998 ዓ.ም. የእስራኤልና የሂዝቦላህ ጦርነት ሲጀመር ቀጣሪዎቼ ወደ ተራራው ወጡ። ለኔ መኪናው ውስጥ ቦታ አልነበረም። ፓስፖርቴም አብሯቸው ሄደ። እኔ ከጓደኞቼ ጋር በሊሴ ፓሴ፣ በፓስፖርት ፈንታ በሚሰጥ የጉዞ ወረቀት ማለት ነው፣ በአውቶቡስ ደማስቆ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ገባሁ። ሻንጣ አልያዝኩም። ካሴቶቼ 17 ነበሩ፤ ሦስቱን ጡት መያዣዬ ውስጥ ሸጉጬ ወጣሁ። የቀሩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው የቀሩት። ስለዚህ ነገር ሌላ ምንም አልልም።

ወደ ጽሑፉ ልመለስ። ወንድሜ ጸሐፊ፣ ማንም ለማንም አይሞትም ያልከው ምናልባት እውነት ነው። እናቴም ለኔ ልሙት ብላ ዘፍና አታውቅም። አልተኛሁም ነው ያለችው። እኔም ያልኳት ቆርቆሮ ነው። የዘፈን ግጥም ስትመዝን እስቲ ማን እንደ ተቀበለውም አብረህ ጠይቅ። ካወረደው ሰው ይልቅ የተቀበለው ነው አንዳንዴ ግጥሙን እውነት የሚያደርገው።

ለዝግጅት ክፍሉ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የእንደኔ ዓይነት ካሴት በየቤቱ አለ፤ በዚህ በወሎ ብቻ እንኳ ስንት የዐረብ አገር ተመላሽ አለ። ሳጥን ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ። ቴፕ ስለጠፋ ማንም አይሰማውም፣ ልጆች ክሩን አውጥተው ይጫወቱበታል። እባካችሁ አንድ ቀን ስለሱ ጻፉ። ሻጋታ የያዘው ሁሉ አልሞተም። የእኔ አንዱ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ነበር፤ ባለሙያው ብሎኖቹን ፈትቶ ክሩን ወደ ሌላ ካሴት ቤት አዛወረው፣ ሠራም።

ባለሙያ የምለው እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ፣ ሞባይል የሚጠግን ልጅ ነው። ካሴት በልጅነቱ አይቶ እንደሆነ እንጃ። ሦስቱንም ወደ ፍላሽ ገለበጠልኝ። የመጀመሪያው ላይ ሲደርስ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና ጠራኝ። «እናቴ፣ እዚህ ጋ ድምፅ የለም፣ ባዶ ነው። ልቁረጠው? ፋይሉም ያጥራል።»

«ተወው» አልኩት። «የኔ ቦታ ነው።»

አልገባውም፣ ግን ተወው። ሒሳቡ በደቂቃ ነው። የዝምታውንም ከፈልኩ።

አክባሪያችሁ፣
የቁርስ ቤት ባለቤት፣ ከደሴ